ለግሸን ዳገት “ያልተከፈተ” ሞተር ዋስትና አይሆንም

የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ቀን ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ግን በደሴ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ አሮጌ መኪና ያለው ነጋዴ ሌላ ቀጠሮ ይይዛል፤ ከመካኒኩ ጋር። እናትና አክስት ተሳፍረው፣ ስንቅና ጧፍ ተጭኖ የአምባሰልን ዳገት የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ዓምና ወጥታዋለች። ዘንድሮ ግን ጭስ አብዝታለች፤ ዘይትም ትጠጣለች።

ከዚህ በኋላ ምክር እንደ ክረምት ዝናብ ይወርዳል። አንዱ “ፋሻ ብቻ ቢቀየርላት ትነሳለች” ይላል። ሌላው “ይህን ሞተር ጥለው ከሶማሌ ተራ ሌላ ያስመጡ” ይላል። ደላላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ጋሼ፣ እንዳያስከፍቷት! የተከፈተ ሞተር ዋጋ የለውም” ይላል። ሦስቱም ሞተሩን አልለኩትም። በአሮጌ መኪና ገበያ ትልቁ ኪሣራ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው በጆሮና በወሬ እንጂ በመለኪያ አይደለም።

ነገሩ ቀድሞ ይህን ያህል አያሳስብም ነበር። ሞተር ሲደክም መኪናዋን ለሌላ ሰው አስተላልፎ የተሻለች መግዛት ይቻል ነበርና። የካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ጉልበት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሦስት እርምጃ አሮጌዋ መኪና ከመጓጓዣነት ወደ ንብረትነት ተሸጋገረች። ሞተሯን በተመለከተ የሚሰጠው ውሳኔም ከሱቅ ዕቃ ግዥ የማይተናነስ የገንዘብ ውሳኔ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ደላላው ቃል እንመለስ። “ያልተከፈተ ሞተር” የሚለው ምስጋና በመኪና ገበያ ከቀለምና ከጎማ በላይ ዋጋ ያስጨምራል። መነሻው እውነት አለው፤ ብዙ ሞተር በግዴለሽ እጅ ተከፍቶ ከበፊቱ ብሶ ተዘግቷል። የቴስታታው ብሎን በግምት ይጠብቃል፤ አሮጌ ጓርኒሲዮን በማስቲሽ ተለጥፎ ይመለሳል፤ ፋሻው ሲቀየር ሲሊንደሩን የሚለካው የለም። ገዢው ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁንና አርባ ዓመት የሠራ ሞተር ሳይከፈት መቆየቱ የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያጠራጥር ነገር ነው። ሲሊንደሩ ሞላላ የሆነ፣ ብሮንዚናው የተበላ ሞተር “ያልተከፈተ” ተብሎ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ በወጉ የታደሰው ግን “ተከፍቷል” ተብሎ ይቀነስበታል። ገበያው በዚህ መንገድ ጠጋኙን እየሸለመ አዳሹን ይቀጣል። ባለመኪናውም ይህን ስለሚያውቅ ወፍራም ዘይት ጨምሮ፣ ጭሱን ለአንድ ሳምንት ደብቆ መሸጥን ይመርጣል።

የሞተር ሕመም ከመከፈቱ በፊት ይታወቃል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ተፈጥሮ መመርመሪያውን በነፃ ሰጥታዋለች፤ ሐረጎን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ እግርን ከቤንዚን ላይ አንስቶ በማርሽ ብቻ መውረድ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ከፍተኛ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል። ቁልቁለቱ አልቆ ቤንዚን ሲረገጥ ከኋላ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ፣ ዘይቱ የገባው በቫልቮቹ በኩል ነው፤ ማለትም የቫልቭ ሲል የምትባለው ትንሽ ላስቲክ ደርቃለች፣ ወይም ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ ሰፍቷል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚተወውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ነው። ይህ የቴስታታ ሥራ እንጂ የሙሉ ሞተር ሥራ አይደለም። በተቃራኒው ሐረጎን ሲወጣ፣ ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደር ይዞራል። ነጭ ሆኖ ቶሎ የማይጠፋ ጭስ የውኃ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተጣሟል። ጥቁሩ የቤንዚን ብዛት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። እዚህ ላይ በወሎ ደጋ ብዙ ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈረድበት ምክንያት አለ። የጥገና መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ካነሰ መለኪያውም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 12 ኪሎ የሚለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 ኪሎ ገደማ ያሳያል። መጽሐፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ9 በታች የሆነ ሞተር ይከፈት ይላል። ከጃፓን የወጣን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ደሴ ላይ የሚፈርድ መካኒክ ምንም ያልነካውን ሞተር አልጋ ላይ ያስተኛዋል፤ ባለመኪናውም ለሌለ በሽታ ይከፍላል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። አራቱም ዝቅ ብለው ግን ተቀራርበው ከተገኙ ሞተሩ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ከሆነ ግን ያ አንዱ ችግር አለበት። ያን ጊዜ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖታልና ጉዳቱ ፋሻና ሲሊንደር ላይ ነው። ካልተነቃነቀ ጥፋቱ ከላይ፣ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን ነው። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወልቆ፣ ቤንዚኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ “ይከፈት” የሚልን ጋራዥ ትቶ መሄድ ነው።

ሞተሩ ለምን እንደተበላ ካልታወቀ አዲሱም ፋሻ የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። በወሎ ሁለት ጠላቶች አሉ። አንደኛው ካርቡሬተሩ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተለካ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ሲወጣ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ትርፉ ቤንዚን ሳይነድ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ያነሳል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። የጥቁር ጭስ ጉዳቱ ቤንዚን ማባከን ብቻ አይደለም፣ ዕድሜንም ይበላል። ሁለተኛው አቧራ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ በኮረት መንገድ የሚሄድ፣ የአየር ማጣሪያው የተቀደደ ወይም “ትንፋሽ እንዲያገኝ” ተብሎ የወለቀለት ሞተር አሸዋ ይተነፍሳል፤ አሸዋውም ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሞረድ ይሆናል። በአንድ የግሸን ጉዞ የሚገባው አቧራ በከተማ ወራት ከሚገባው ቢበልጥ አያስገርምም። ማጣሪያ የመለወጫው ዋጋ ከሞተር ማሳደሻው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ግን ማጣሪያን ማን ይጠይቃል?

ልኬቱ ከተገኘ በኋላ ምርጫው ይጠባል። ዘይት የምትጠጣው በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ኮምፕሬሽኗም ከተቀራረበ፣ ከሁሉ የሚረክሰው ዘይት እየጨመሩ መንዳት ነው። ይህን ማለት ለጋራዥ ባለቤት ደስ አያሰኝም፤ ሒሳቡ ግን ይኸው ነው። ሕመሙ የቫልቭ ሲል ከሆነ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ መጨረስ ይቻላል።

“ፋሻ ብቻ” የሚባለው ነገር ግን ብዙ ሰው አቃጥሏል። ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ክብ ነገር በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ እንደመክተት ነው። ሲሊንደሩ ከላይ በኩል ፋሻው በሚዞርበት ይሰፋል፤ ከታች እንደነበረ ይቀራል። ቶዮታ ለብዙ አሮጌ ሞተሮቹ ያስቀመጠው የመበላት ወሰን 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሦስት ፀጉር ውፍረት ያህል። ይህን ያህል ነገር ዓይን አያይም፣ ጣትም በትክክል አይመዝነውም፤ የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ያስፈልጋል። ከወሰኑ በታች ከሆነ ግድግዳውን በስሱ አሻክሮ አዲስ ፋሻና ብሮንዚና ማስገባት ቁም ነገር ያለው ሥራ ነው። ካለፈ ግን ፋሻው ለጥቂት ወራት ጭሱን ቀንሶ፣ መኪናዋ ተሸጣ እጅ እስክትቀይር ድረስ ብቻ ይቆያል። የሚገርመው ብዙዎች “ፋሻ ብቻ” የሚያሠሩትም ለዚሁ ነው።

ወሰኑ ካለፈ ቀሪው ቶርኖ ቤት ነው፤ ሲሊንደሩ በማሽን ሰፍቶ 0.50 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር ከመጀመሪያው የሚተልቅ ፒስተን ይገባበታል፤ ክራንክ ሻፍቱም ተለክቶ አስፈላጊ ከሆነ ይከረከማል። የዲኤክሷ 4ኬ ሞተር ለዚህ የተመቸ ነው። 1,290 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ አካሉ የብረት ውቅር ነው፤ የተወሳሰበ ነገር የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይሠራል፤ ፒስተን ሳይገዛ ሲሊንደር ማስፋት። ፒስተኑ እጅ ላይ ገብቶ፣ እያንዳንዱ ተለክቶ፣ ከዚያ ነው ሲሊንደሩ በእሱ ልክ የሚሰፋው። አለበለዚያ የሰፋው ብሎክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ ፒስተን ፍለጋ ከደሴ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ 400 ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል።

ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ፈጣን ይመስላል፤ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ነገር ግን ለዲኤክስ የሚገኘው ያገለገለ ሞተር ዕድሜው ከሚወልቀው ብዙም አያንስም፤ አንዱን ሽማግሌ አስነስቶ ሌላውን ማስቀመጥ ነው። ሲሠራ ሳይሰማ፣ ኮምፕሬሽኑ ሳይለካ መሬት ላይ ተኝቶ የሚሸጥን ሞተር መግዛት ሎተሪ መቁረጥ ነው። እንደ ቪትዝ ላሉ በኋላ ለመጡ መኪኖች ነገሩ ይለያል፤ ዕድሜያቸው ያነሰ፣ ብዛታቸውም የበዛ ስለሆነ የተፈተነ ያገለገለ ሞተር አንዳንዴ ከማሳደስ ሊሻል ይችላል። በሁሉም መኪና ላይ ግን የሞተር ቁጥር የሚባል ጉዳይ አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሞተሩ ጋር ካልገጠመ ለዓመታዊ ምርመራም ለሽያጭም እንቅፋት ይሆናል። ሞተሩ የተገዛበት ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይያዝ፣ ለውጡም በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሳይመዘገብ የተገጠመ ሞተር በወጣበት ዋጋ አይመለስም። ደላላው ይህን የሚያነሳው መኪናዋን ሲሸጥ ሳይሆን ሲገዛ ነው።

አሁን እርሳስ ይነሳ። ለምሳሌ አንዲት መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ትሂድ። ደህና ሳለች በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትጨርስ የነበረች ደክማ 10 ብትጨርስ በዓመት 300 ሊትር ትርፍ ቤንዚን አቃጠለች። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አልፏል። እንግዲህ በሊትር 100 ብር ብቻ ብናስብ እንኳ 30,000 ብር በጭስ ማውጫ ወጣ። በ500 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት የምትጠጣ ከሆነች ደግሞ 30 ሊትር የሞተር ዘይት ይጨመርበታል። ባለመኪናው ይህን ድምር ከቶርኖ ቤቱና ከመለዋወጫው ዋጋ ጎን ያስቀምጠው። በሁለት ዓመት የሚመለስ ከሆነና መኪናዋን ከዚያ በላይ ሊይዛት ካሰበ ማሳደስ ያዋጣዋል። በዓመት 4,000 ኪሎ ሜትር የማትሞላ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ የምትወጣ መኪና ግን በዚህ ሒሳብ የማሳደሻዋን ወጪ አትመልስም፤ እሷን ዘይት እያጠጡ መያዝ ነው።

“መኪናዋ ራሷ ስንት ታወጣለችና ይህ ሁሉ ወጪ?” የሚል ይኖራል። ድሮ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን ሸጦ በተገኘው ገንዘብ ምን ይገዛል? በዚያው ዋጋ የምትገኘው ሌላ አሮጌ መኪና ናት፤ እሷም “ያልተከፈተች” ናት። የኤሌክትሪኩ መኪና እንዳይታሰብ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ቻርጅ ማድረጊያ ገና ጥቂት ነው፤ በወሎ ገጠር መንገድ ላይ ለሚነግድ ሰው መልስ አይሆንም። የሚያውቁት ሞተር፣ ሕመሙ ተለክቶ ከታደሰ፣ ከማያውቁት ሞተር ይሻላል።

ለዚህም ነው የመኪና ገበያው ሰዎች፣ በተለይ ደላሎች፣ የምስጋና ቃላቸውን መቀየር ያለባቸው። “ያልተከፈተ” ከማለት “የተለካ” ማለት። የቶርኖ ቤቱ ደረሰኝ፣ ሲሊንደሩ ከመስፋቱ በፊትና በኋላ የተለካበት ወረቀት፣ የፒስተኑ መጠን፣ የኮምፕሬሽኑ አራት ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር በአንድ ፖስታ ቢቀመጡ ገዢው የሚከራከርበት ነገር ያጣል። ኮሚሽንም ከዋጋ ጋር ነው የሚያድገው። አንድ ደላላ እንዲህ ያለችውን መኪና ከ“ያልተከፈተችው” አስበልጦ መሸጥ ከጀመረ ሌላው መከተሉ አይቀርም፤ በዚህ ንግድ መኮራረጅ እንደሆነ አይጠፋም።

የግሸኑ ጉዳይ ግን ከሒሳብ ውጭ የሆነ ነገርም አለው፤ ጊዜ። የታደሰ ሞተር አዲስ ፋሻው ከአዲስ ግድግዳው ጋር እስኪስማማ ድረስ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጨነቅ፣ በአንድ ፍጥነት ሳይደርቅ መነዳት አለበት፤ መጀመሪያ ላይም ዘይቱ ቶሎ ይቀየራል። ጳጉሜን ላይ ተዘግቶ፣ መስከረም 19 ቀን አምስት ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሞተር ገና ሳይሞረድ ይቃጠላል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳው ደግሞ ይብሳል፤ ጣርማ በር ላይ ቀዝቅዞ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ይግላል፣ ከዚያ ሐረጎ ይጠብቀዋል። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ደግሞ በዕድሜዋ ያህል በደለል የተሞላ ነው። ተሳፋሪዎቹ በገደል አፋፍ ላይ ጭስና እንፋሎት መሐል ሲቆሙ ከኋላ የተሰለፈው መኪናም አብሮ ይቆማል። አምባው ነገሥታት ልጆቻቸውን እንዳይወጡ ያስቀምጡበት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መግቢያው ጠባብ ነው፣ ማለፊያም የለውም።

እንግዲህ ሞተር ማሳደስ የፈለገ ሰው ሐምሌ ላይ ሥራውን ጨርሶ ነሐሴን በደሴና በኮምቦልቻ መሐል እያለማመደ ሊያሳልፍ ይገባል። ነሐሴ ያለቀበት ደግሞ ዘንድሮ ባይከፍታት ይሻላል። የቫልቭ ሲሏን፣ የአየር ማጣሪያዋን፣ ራዲያተሯንና ቺንጋዋን አይቶ፣ ካርቡሬተሯን ለደጋው አስተካክሎ፣ ሁለት ሊትር ዘይት ኮፈኗ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሰው ቀንሶ መሄድ ነው። ኮምፕሬሽኗ የተራራቀባት ከሆነች ግን እሷን ደሴ አቁሞ ቤተሰቡን በአውቶቡስ መስደድ ነው፤ ለቲኬት የሚወጣው ገንዘብ ከዳገት ላይ ማስጎተቻ ጋር አይወዳደርም። ቶርኖ ቤቱ በጥቅምት ወረፋው ይቀንሳል፤ መካኒኩም በዓሉ ስላለፈ ለመለካት ጊዜ ይኖረዋል።